ሬሚ ያልጀመረው በር

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ሬሚ፣ ጃኬትህን ለብሼ ነው ትምህርት ቤት የዋልኩት። እንዳትጮህብኝ። እጅጌው አሁንም የእንጨት ሙጫ ይሸታል...

ስመለስ ሚስስ ቲቦዶ፣ የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ፣ ደጃችን ቆመው ጠበቁኝ።

«ወንድምህ የምርጫ ሳጥኑን ለመከለል አዳራሹ ውስጥ የሠራው የእንጨት አጥር በር የለውም።»

አውቃለሁ። በሩን ሳትጀምር ነው ሞተር ብስክሌትህ የገለበጠችህ።

«ዘንድሮ ከፌዴራል መንግሥት ታዛቢ ይመጣል። ክፍለ ግዛቱ ደግሞ ታዛቢውን የሚታዘብ ሰው ይልካል።»

ሳቅኩ።

«አትሳቅ። ከመራጩና ከእኛ ከአስመራጮቹ በቀር አጥሩን ማንም አያልፍም ተብሏል። የፌዴራሉም ሰው ቢሆን። ስለዚህ ክፍተቱ መዘጋት አለበት። በር ካልተገኘ አጥሩን አንስተን ዙሪያውን ገመድ እንወጥራለን።»

«አጥሩስ?»

መሬት መሬት አዩ። «ማስቀመጫ የለንም፣ ልጄ።»

ማገዶ ሊያደርጉት ነው? የመጨረሻ ሥራህን?

እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ምን ነካኝ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 15

ጋራዥ ገባሁ። መጋዝህን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

እሁድ፣ ኦክቶበር 25

ሁለቴ አበላሸሁ። መጀመሪያ አጠረ፣ ቀጥሎ ጠመመ። እማዬ ከቀብርህ ወዲህ ሥራ አልገባችም። ያንን ትልቅ ሹራብህን ለብሳ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ሬሚ ይሄን ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር» አለች።

ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ተያየን። ከዚያ... ሳቅን። ሆዳችን እስኪያመን። ይቅር በለን።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 2

ገጠመ! አዳራሹ ወስጄ አጥሩ ላይ ሳቆመው ልክ ገጠመ! ግን ማጠፊያውን ከድሮው የዶሮ ቤት ነቅዬ ስላመጣሁት በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። አፈርኩ። ዘይት ይዤ ስንበረከክ ከክፍለ ግዛቱ የተላከችው ጆሊን ከኋላዬ መጣች። ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው።

«ዘይቱን ተወው። በዚህ በር ተደብቆ የሚገባ የለም።»

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ለክፍላችን ጉዞ ዶናት ስሸጥ ዋልኩ፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ። ሁሉንም አየሁ።

የፌዴራሉ ሰው ሚስተር ዊትኮም ይባላል። ትሁት ነው፣ ሁለት ዶናት ገዛኝ። ከአጥሩ ውጪ ቆመ፣ ጆሊን አጠገቡ። ሽማግሌው ዱሴት ግን ገና ሲገቡ አፈጠጡበት።

«ሳጥናችንን ጭነህ ልትሄድ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ እኔ ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ።»

«እሱን እናያለን!»

ዱሴት ተራ ሲጠብቁ አንዲት አሮጊት አጥሩ ውስጥ ምርኩዛቸው ወደቀባቸው። ዊትኮም ሳያስበው ሊያነሳላቸው ሮጠ።

ሲጢጥ!

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። እስክሪብቶው ሁሉ ቆመ።

«ሚስተር ዊትኮም!» አለች ጆሊን።

ሰውየው ቲማቲም መሰለ። እጁን ሽቅብ አንስቶ ወደ ኋላው ወጣ። ሲጢጥ! ምርኩዙን ሚስስ ቲቦዶ አነሱ።

«ይሄ በር ከውሻዬ ይሻላል!» አሉ ዱሴት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዊትኮምም ሳቀ። ጆሊን እንኳ እየሳቀች ነው ጥፋቱን መዝገቧ ላይ የጻፈችው። ዱሴት ድምፃቸውን ሰጥተው ሲወጡ ለዊትኮም ዶናት ገዙለት!

ማታ ሳጥኑ ከታሸገ በኋላ ዊትኮም በሩን እየነካ «ማን ነው የሠራው?» አለኝ።

«እኔና ወንድሜ።»

ሚስስ ቲቦዶ ሰሙ። «ለሚቀጥለውም ምርጫ ይሄው ነው። ማስቀመጫ እፈልግለታለሁ» አሉ።

ሰማህ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 4

እማዬ ዛሬ ሥራ ገባች። ስነሳ ቤቱ ባዶ ነበር። ለብቻዬ የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት። ሁለት ሳህን አወጣሁ፣ አንዱን መለስኩ። እንቁላል ጠበስኩ። አረረ፣ በላሁት።

ከዚያ ክፍልህን ከፈትኩ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ማንም አልከፈተውም። ሲጢጥ አለ። ለካ ያንተም በር ይጮኻል...

ጃኬትህን መንጠቆው ላይ ሰቀልኩት። የራሴን ለበስኩ። በርህን ክፍት ትቼልህ ትምህርት ቤት ሄድኩ።