የኮርቻ ሰፊው ቤት

ለታናሽ ወንድሜ ለሲራክ፣ አዲስ አበባ

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ባለቤትህ ብሌን ደኅና ናት? ልጅህ ምሕረትስ ትምህርት ጀመረች? ያ ሲያምህ የነበረው አንገትህስ? በቴሌቪዥን ቀና ብለህ ስለ አያታችን ስትናገር ስላየነው፣ ድኗል ብለን ፈጣሪን አመስግነናል። እኛ ከናፍቆትህና ከግድግዳው በቀር ደኅና ነን። ስልክ ስደውልልህ «ስብሰባ ላይ ነኝ» እያልክ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ አይዘጋምና ይህን ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለሰው ሾፌር ለደምሴ ሰጥቼዋለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንዲቆም ነግሬዋለሁ።

ሰፈራችን ቅርስ ይሆናል ሲባል እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። መጋቢት ላይ የቅርስ ኮሚቴው መጥቶ በራችን ላይ ቆርቆሮ ቸነከረ። «የፊታውራሪ ሙላቱ መኖሪያ ቤት» ይላል። የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። አያታችን አባባ ሙላቱ የፊታውራሪ ኮርቻ ሰፍተው እንደሆን እንጃ እንጂ ፊታውራሪ ሆነው አያውቁም። ከመርሳ፣ ከግራና፣ ከሐራ ወልድያ ገበያ የሚወጣ ባለበቅሎ ሁሉ የሚያውቃቸው በመርፌያቸው ነበር። ይህን ማን ነገራችሁ ብዬ ሰብሳቢውን አቶ ሀይሉን ብጠይቃቸው፣ «ወንድምሽ ፈርሞ ሰጠን» አሉኝ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። አንተ ከእሷ በምን ተሻልክ?

አሁን ጎብኚ በመጣ ቁጥር አቶ ሀይሉ ዱላቸውን ዘርግተው ግድግዳው ላይ ያሉትን ኩላቦች ያሳያሉ። ፊታውራሪው ጋሻና ጎራዴ ይሰቅሉባቸው ነበር ይላሉ። እኔና አንተ በልጅነታችን ከዚያ ላይ የኮርቻ ጠፍር ስናወርድ እንዳላደግን! አንድ ቀን እናታችን ቢብሳቸው «ልጄ፣ ይሄ እኮ የአባቴ ጠፍር ማንጠልጠያ ነው» አሏቸው። አቶ ሀይሉ ወደ ጎብኚዎቹ ዞር ብለው «እማማ እርጅና ተጭኗቸዋል» አሉ። በተወለዱበት ቤት! በሩን የጠረቡት የጎረቤታችን የኑርሁሴን አያት እንደሆኑማ ቆርቆሮው ላይ የሚጽፍ አልተገኘም። አናጺና ኮርቻ ሰፊ ታሪክ የላቸውማ።

ይህን ሁሉ ስቄ አልፈው ነበር። ያላሳቀኝ ግድግዳው ነው። ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፤ ያ ቤት እስከ ዛሬ የቆመው በየዓመቱ ስለሚመረግ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ይሰነብታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ እኛ የእነኑርሁሴንን ቤት፣ እነሱ የእኛን ያግዙናል። የቤቱ ልጅ ሁሉ የሚመርገው የራሱ ቦታ አለው። ያንተ በእናታችን ራስጌ በኩል ያለው ነበር። ኮሚቴው ግን «ቅርስ አይነካም» ብሎ ከለከለንና ራሱ በሲሚንቶ ለሰነው። ፎቶ ላይ እንዲያምር ቢጫ ቀለምም ቀባው። ጭቃ ቤት ሲሚንቶ እንደማይለብስ የማያውቅ ያ የተማረ ጉባኤ ብቻ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃው ከሲሚንቶው ጀርባ ታቁሮ ማገሩን አበሰበሰው።

በመስቀል ማግስት ረፋዱ ላይ ግድግዳው ተዘረገፈ። እናታችን ለቅሶ ሊደርሱ ወጣ ባይሉ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ትራሳቸው ላይ የወደቀውን የሲሚንቶ ቁራጭ ለሁለት ሆነን ነው ያነሳነው። ያን ቀን ባገኝህ ምን እንደማደርግህ አላውቅም።

የቀረውን ሲሚንቶ እኔና ኑርሁሴን በመዶሻ አወረድነው። እንጨት ለወጥን፣ ጭቃ አቦካን። አቶ ሀይሉ መጥተው በሕግ እጠይቃችኋለሁ ብለው ፎከሩ። ኑርሁሴን ቀና ብሎ «እስኪ መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁና ይቺን ጭቃ ይርገጡልን» አላቸው። ጫማቸውን አይተው ሄዱ። የቤቱ ካርታ በስምህ ስለሆነ ግን ከአንተ ሌላ የሚሰሙት ሰው የለም። አያቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፣ ቤቱም እንደ ልማዱ ይመረግ ብለህ ካልጻፍክ፣ ሲሚንቷቸውን ተሸክመው መመለሳቸው አይቀርም።

እናታችን የሚጠብቁት ግን ወረቀት አይደለም። መርገን ስንጨርስ ያንተን ቦታ ማንም እንዳይነካው ከለከሉ። «የሲራክ ነው፤ መጥቶ ይመርገዋል» አሉ። ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ገጦ ይታያል። በጆንያ ብጋርደው ገፈው ጣሉት። አልጋዎን ወዲያ ላንሳው ብላቸው እንቢ አሉኝ። ነፋሱ በራስጌያቸው እየገባ ያስላቸዋል። ጭቃውን እንዳይደርቅ ውሃ እያጠጣሁ አቆይቼልሃለሁ።

ብሌንን ሳምልኝ። ኑርሁሴንና ቤተሰቡ በያሉበት ሰላም ብለውሃል። ምሕረትን በሁለት ጉንጮቿ ሳምልኝና ቅድመ አያቷ ኮርቻ ሰፊ እንደነበሩ ንገራት፤ ከእኔ ከምትሰማው ካንተ ትስማው። እናታችን ግንባርህን ይስሙሃል። እኔ ስሰድብህ ይቆጡኛል፤ ለምን እንደቀረህም ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁኝ መቼ እንደምትመጣ ብቻ ነው። በልግ ሳይጥል ድረስላቸው።

እኅትህ ትርንጎ
ወልድያ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.