የሻምፔሉ ለቅሶ

ጄኔቫ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ሕመም በጥር ብርድ አልባሰብሽም ወይ? ገብሱ ተወቅቶ ገባ? ላሚቱስ በደኅና ወለደች? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ የወንድሜ የይሻው ልጅ ሕይወት ናትና፣ እባክሽ ጎረቤት ባለበት አይነበብ። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ታንብብልሽ። ሕይወትዬ፣ አንቺም ያነበብሽውን በሆድሽ ያዥው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ አዝመራ እያዞርኩ ዘጋሁት።

ፎቶውን የላክሁልሽ ቤት ያለበት ሰፈር ሻምፔል ይባላል። የሀብታም ሰፈር ነው። የወደቀ ቅጠል ሳያድር ይጠረጋል፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። ሦስት ዓመት ተከራይቼ ኖርኩበት፣ ባለፈው ኅዳር ደግሞ ገዛሁት። ደረጃው ላይ ከምንሰጣጠው ሰላምታ በቀር ከጎረቤት ጋር የተነጋገርኩት ነገር አልነበረም።

ከእኔ በታች ሙሴ ሮላን የሚባሉ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ማለዳ በሬን አንኳኩ። ፀሐይ እንድታገኛቸው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ እንድገፋላቸው ለመኑኝ፤ ከባድ የቆዳ ወንበር ነው፣ ጉልበታቸው እንቢ ብሏቸዋል። ስብሰባ ረፍዶብኝ ነበርና ነገ እመጣለሁ አልኳቸው። አመስግነውኝ ወረዱ። በማግስቱ ረሳሁት። ከዚያም ረሳሁት። በአሥራ አንደኛው ቀን ደረጃው ሸተተ፣ ፖሊስ መጥቶ በሩን ሰበረ። ወደ ሥራ ስወርድ በተከፈተው በር አየሁ፤ ወንበሩ ክፍሉ መሀል እንደተገተረ ነው።

ቀብራቸው ላይ ሄድኩ። አምስት ሰው ነበርን፣ ሩብ ሰዓትም አልፈጀም። ማንም አላለቀሰም። ሣጥኑ ሲወርድ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ “ወይኔ አባቴ! ወይኔ አባቴ!” ብዬ ጮህኩ። ደረቴን እየመታሁ፣ ልክ እንደ እኛ አገር ለቅሶ። ሰዎቹ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። የሟቹ ልጅ፣ በባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ የምትኖር ሴት ናት፣ እጄን ይዛ፣ “አባቴን ይህን ያህል ይወዷቸው ነበር ወይ?” ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ይሄኔ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ዋሸኋት፣ እማዬ። አንቺንም ዋሽቼሻለሁ።

ኅዳር ላይ እህቴ ጌጤ ደውላ፣ “አባዬ ስምህን እየጠሩ ነው። ከአንበሳሜ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ‘እሱ ነው?’ ይላሉ። ቶሎ ድረስ” ስትለኝ፣ በረራው ቆሟል፣ መንገዱም ተዘግቷል አልኳት። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለከረመ ማንም አልጠረጠረኝም። ያን ሳምንት ግን ክፍት ነበር። የዚህ ቤት ውል ሐሙስ ሊፈረም ተቀጥሮ ነበር፤ ካልተገኘህ ለሌላ ይሸጣል አሉኝ። አባዬ እስከ እሑድ ይቆዩኛል ብዬ አሰብኩ። ሐሙስ ፈረምኩ። ሰገነቱ ላይ ቆሜ እየሳቅሁ የተነሣሁት፣ አንቺም ለሰው ሁሉ ያሳየሽው ፎቶ የዚያ ቀን ነው። አባዬ ዓርብ ጠዋት ዐረፉ።

መሥሪያ ቤት ለማንም አልተናገርኩም። ቢሰሙ ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሰኞ ከረቫቴን አስሬ ገባሁ።

ትናንት ከጌጤ ጋር በስልክ ስንጫወት፣ እሷ ምንም ሳይመስላት አንድ ነገር ነገረችኝ። አባዬ ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ይሻው ጤፍ አራግፎ ከባሕር ዳር ሲመለስ ብርቱካን ይዞላቸው መጥቶ ነበር አለች። ጨምቀሽ በማንኪያ ያጠጣሻቸው አንቺ ነሽ አሉ። መንገዱ ክፍት እንደነበር ያኔውኑ ታውቂ ነበር ማለት ነው። ለቅሶ የደረሰውን ሰው ሁሉ፣ “ልጄ መንገድ ተዘግቶበት ነው እንጂ አይቀርም ነበር” ስትዪ የሰነበትሽውም አንቺው ነሽ።

 

ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ስመጣ ሰው አትጥሪ፣ ድንኳንም አይተከል። ይሻው ሊያናግረኝ ባይፈልግ አትቆጪው፣ እውነቱ ከእሱ ጋር ነው። መቃብራቸው ድረስ አንቺ ብቻ ውሰጂኝ። እዚያ የምትዪኝ ነገር ካለ ቆሜ እሰማሻለሁ፤ ዝም ካልሽም ዝም እላለሁ።

ለጌጤና ለይሻው፣ ለልጆቹም ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የአባዬን ነፍስ ይማርልን። አንቺን እግዚአብሔር እስክደርስ ድረስ ያቆይልኝ።

ልጅሽ