በሰፈሬ ሰርግ የእንግዳ ክራር

እሑድ፣ ጥር 20 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሓድነት ሰፈር

ጠዋት ጋዜጣ ብቻዬን አነበብኩ። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ከእኔ የሚያመልጥ ፊደል የለም። አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ ከአገሩ ይልቅ ባሕር ማዶ እየዞረ ይዘፍናል ይላል። ጃፓን አዳራሽ ይሞላለታል፤ አገሩ ላይ ግን እንደ ድሮው የሚጠራው የለም። ጋዜጠኛው ምክንያቱን ሲፈልግ ብዙ ደከመ። እኔን ቢጠይቀኝ በአንድ ቃል እገላግለው ነበር።

እኔ በክራሬ ቁሓን ያስጨፈርኩ፣ ውቅሮ ላይ ሙሽራውን ሳይቀር በሳቅ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ጎረቤቴ አቦይ ሓጎስ ልጃቸውን ሲድሩ ክራሬን ቃኝቼ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከአዲግራት የመጣ ክራር መቺ ተቀምጧል።

«አቦይ፣ እኔ እያለሁ?» አልኳቸው።

«አንተማ የቤት ልጅ ነህ፤ በየቀኑ እንሰማሃለን አይደል? ቁጭ በልና ብላ፣ ወደይ፣ ልጄ።»

በላሁ። ቀለድኩም፤ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሰውዬው ግን እኔ ድሮ የተውኩትን ቀልድ ሲያወራ ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ሲያርፍ ጠጋ ብዬ «አዲግራት፣ በሰፈርህ ሰርግ ይጠሩሃል?» አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። አንገቱን ደፍቶ የክራሩን ክር ማጥበቅ ጀመረ።