እናታቸው የታረደችባቸው አሥራ አንዱ

ሰኔ 3
የአሳማዬ ግልገሎች ዛሬ ሃያ ቀናቸው። አሥራ አንዱም ደህና ናቸው። ባለክዳኑን የብረት መመገቢያ አጥቤ ጥግ አቆምኩት። ገና ነው... ሁለት ሳምንት ይጥቡና ቀስ እያልኩ አለምዳቸዋለሁ። ነገ ማሳካ ከተማ፣ ወንድሜ ቤት። የሴት ልጁ የናሱና የእጮኝነት ድግስ ነው። ሙሽራ ማሰናዳት የአክስት ሥራ ነው፣ አይቀርም። አሳማዎቹን ጎረቤቴ ናሙቢሩ ታያቸዋለች።

ሰኔ 6
ድግሱ አምሮ ዋለ። የአማቾቹ ሽማግሌ ሥጋ ሁለቴ አስጨመሩ። እኔም በላሁ። “ሳሎንጎ፣ ሥጋው ጣፍጧል” አልኩት ወንድሜን። መንታ ከወለደ ጀምሮ ስሙ ሳሎንጎ፣ የመንታ አባት፣ ነው። ሳቀ። ምን አሳቀው?

ሰኔ 7
በረቱ ውስጥ እናቲቱ የለችም። ግልገሎቹ ጡት ፍለጋ አንዱ የሌላውን ሆድ በአፍንጫው እየገፋ ይጮሃሉ።
ናሙቢሩ፦ “ትናንት ማለዳ ሳሎንጎ ራሱ መጥቶ ጫናት። የተስማማችሁ መስሎኝ...”
ደወልኩለት።
“እንግዳው በዛ፣ ሥጋ አነሰ። ምን ላድርግ? ሌላ እገዛልሻለሁ።”
“እያጠባች ነበር እኮ።”
“አሳማ ናት፣ ናካውኪ። ሰው አታስመስያት። ደግሞ ሲጣፍጥሽ አይቻለሁ።”
ዘጋሁበት። ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። ትናንት የበላሁት ይወጣ ይመስል።

ሰኔ 8
መመገቢያውን አይነኩትም። አንዱ በአፍንጫው ክዳኑን ገፋ፣ ብረቱ ቋ ሲል ሁሉም ተበተኑ። የላም ወተት በሳህን ሰጠሁ። ግማሹን ደፉት።

ሰኔ 9
ክዳኑን በገመድ ወደ ላይ አሰርኩት። ፉርሽካውን በሞቀ ወተት ለውሼ በጣቴ አፋቸው ውስጥ ከተትኩ። አንድ በአንድ፣ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና። ነከሱኝ። ይንከሱ። እነሱ ምን አጠፉ?

ሰኔ 11
ትንሿ ሞተች። ሙዝ ተክሉ ሥር ቀበርኳት። ሳሎንጎ ሁለቴ ደወለ፣ አላነሳሁም። ባነሳ ምን እለው ነበር? ብዙ ነገር። አንዱም ለታላቅ ወንድም የሚባል አይደለም።

ሰኔ 14
ጆሮዋ የተቀደደባት ግልገል ራሷን እስከ አንገቷ መመገቢያው ውስጥ ከትታ በላች። ሌሎቹ ቆመው አዩዋት፣ ከዚያ ተጋፉ። ገመዱን ትንሽ ላላ አደረግኩት፣ ክዳኑ እስከ ግማሽ ወረደ።
ናሙቢሩ “ይቅር በይው፣ አንድ ወንድም ነው ያለሽ” አለችኝ። አንድ ስለሆነ ነው ወይ እንደፈለገ የሚያደርገኝ?

ሰኔ 19
ገመዱን ፈታሁት። ጆሮዋ የተቀደደባት ክዳኑን በአፍንጫዋ ገፍታ ገባች። ቋ። ማንም አልሸሸም። እስከ ምሽት ሰባቱ ቻሉ። ሦስቱ ሌሎቹ ሲበሉ እያዩ ይቆማሉ... ነገ ብቻቸውን ለይቼ አስተምራቸዋለሁ።

ሰኔ 22
አሥሩም።

ሰኔ 28
ሳሎንጎ መጣ። መኪናው ላይ ወጣት እናት አሳማ ጭኗል። “ይኸው፣ ካሳሽ። አሁን አናግሪኝ።”
“አሳማህን አልፈልግም። ስልክህን አውጣና ለሽማግሌው ደውል።”
“የትኛው ሽማግሌ?”
“ሁለቴ ያስጨመሩት። የማን ሥጋ እንደበሉ ንገራቸው።”
“አማት እኮ ናቸው። ልታዋርጂኝ ነው?”
“እንግዲያው አሳማህን ይዘህ ሂድ።”
መኪናው ዘንድ ደርሶ ተመለሰ። ብዙ ቆሞ ደወለ። እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። “አባ፣ ያ ሥጋ... የእህቴ አሳማ ነበረች። ግልገሎች እያጠባች ሳለ፣ ሳልጠይቃት ወስጄ አረድኳት።”
ሽማግሌው፦ “ታዲያ ባለቤቷን ሳናመሰግን በላን በለኛ። ከጎንህ ናት? ስጣት።”
አመሰገኑኝ። አለቀስኩ፣ ግን እሱ እንዳያይ ወደ በረቱ ዞሬ ነው።
አሳማዋን አስወረድኩ። ንዴቴ አልወጣም፣ የሚወጣም አይመስለኝም። ሲሄድ ቆሜ ሸኘሁት። በእኛ ዘንድ እህት ለታላቅ ወንድሟ ትንበረከካለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እሱን ሳልንበረከክ ተሰናብቼው አላውቅም። ጉልበቴ በልማዱ ሊታጠፍ ሲል በሩን ይዤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።