ለፈረስ ቤት ዳገት የተገዛ ሞተር

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ከመኪናዬ አወጣናት። ከስፌት መኪና የማትሻል ሞተር! ቡሬ፣ ኑሩ ጋራዥ ውስጥ በሰንሰለት ተንጠልጥላ ሳያት በእግሬ ልጠልዛት ምንም አልቀረኝም። ኑሩ መካኒኩ ሳቀብኝ። "ብረት እኮ ነው፤ የሚሰበረው የአንተ እግር ነው" አለኝ።

እሱ ምን ያውቃል? በጥምቀት ማግስት ከጅጋ ወደ ፈረስ ቤት ስንወጣ መኪናዋ ግማሽ ዳገት ላይ ቆመችብኝ። ሚስቴን ትርንጎን ውረጂና ግፊ አልኋት። ማን ይግፋልኝ? በአዲሱ ቀሚሷ አቧራ እየጠጣች ገፋች። ደክሟት ቆም ስትል፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "በሬ ብትሆኚ እስካሁን ሸጬሽ ነበር" አልኋት። ቀሚሷን አራገፈችና ወደ አባቷ ቤት በእግሯ ወጣች። ይኸው አልተመለሰችም።

ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ሞተሩ ቢችል እሷም አትገፋም፣ እኔም አልናገርም።

ረቡዕ

አስተርዮ ማርያም። እኔ በዓል ነው ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ፤ ኑሩ ብየዳውን ቀጠለ። በማርያም ቀን መፍቻ የያዝሁት እኔ አይደለሁም፣ ኃጢአት አይሆንብኝም።

አዲሱ ሞተር ዱርቤቴ መንገድ ላይ ተገልብጦ ከተበለተ ሚኒባስ የወጣ ነው። ለእኔ መኪና በጣም ትልቅ ነው። የፊቱን ብረት ቆርጠን አሰፋንለት። ኮፈኑ እምቢ አለ፣ አይገጥምም።

ሽምግልና የያዙልኝ አያ ደመላሽ ደወሉ። እሑድ ፈረስ ቤት፣ ከአማቴ ከቄሱ ደጅ። "አደራህን፣ አፍህን ሰብስበህ ና" አሉኝ። ሞተር እየቀየርሁ መሆኑን አልነገርኋቸውም። መጥተው ይዩት!

ዓርብ

ተነሳ! ድምፁ የቡሬን ውሻ ሁሉ አስጮኸ። እስከ ጅጋ ነድቼ ተመለስሁ። አንድ ሚኒባስ ቀደምሁ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰደበኝ። እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሚያሳስበኝ፦ መሪው ከብዷል። ኮፈኑን በገመድ አስሬዋለሁ። ፍሬኑ የድሮው ነው። ራዲያተሩም የድሮው ስለሆነ ለዚህ ሞተር አያንስም ማለት ውሸት ነው። ኑሩ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፦ "ዳገት ላይ ይፈላብሃል። ሲፈላ አቁመህ ብቻውን ይብረድ። በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ያኔ ወደ እኔ እንዳትመጣ።"

ትርንጎ ናፍቃኛለች። ቤቱ ያለ እሷ አፍ የለውም።

እሑድ

ወጣሁት። ያንን ዳገት ሳልቆም ወጣሁት። ያኔ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ስደርስ ጥሩምባ ነፋሁ።

አማቴ ደጅ ስደርስ ሞተሩ በገመዱ ሥር እንደ ጀበና ይንተከተካል። የአንድ ለአምስት ስብሰባቸውን የጨረሱ ጎረቤቶች ሁሉ ከበቡን። ሽምግልናው አልከበደም። አያ ደመላሽ ተናገሩ፣ እኔ አጎነበስሁ፣ ቄሱ "እግዜር ይፍታህ" አሉኝ። ትርንጎ ጓዟን በነጠላ ጠቅልላ ወጣች። አላየችኝም፣ ግን ወጣች።

ቄሱ በጆግ ጠበል ይዘው እሷን ረጩ፣ እኔን ረጩ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞሩ። "ያጣላቻችሁ እሷ ናት፤ እሷንም እንባርካት" አሉ። ጎረምሶቹ ገመዱን ፈትተው ኮፈኑን አነሱላቸው።

እንዴት ብዬ ልናገር? አማት ናቸው፣ ቄስ ናቸው፣ ጠበል ነው። ዝም ብል ሞተሬ ሊሰነጠቅ ነው። ጆጉ ሲያዘነብል እጃቸውን አፈፍ አደረግሁና፣ "ይተዉ! ይሄን ውሃዎን ወዲያ ይበሉልኝ!" ብዬ ጮህሁ።

ውሃ። ጠበሉን ውሃ አልሁት።

ጆጉ ወደቀ። አንዲት ሴት አማተበች። ቄሱ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እርጥብ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ለብረቱ ሳሳህለት። ለልጃችን እንዲህ ስትሳሳላት አላየንም" አሉ።

ትርንጎ ጓዟን እንደያዘች ተመልሳ ገባች። በሩንም አልወረወረችውም፤ እንግዳ እንደሸኘ ሰው ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ሞተሩ እስኪበርድ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። ሲበርድ አስነሳሁት። በመጀመሪያ ቁልፍ ተነሳ፤ እንደ ዛሬ አምሮበት ሠርቶ አያውቅም። ፍኖተ ሰላም ቤቴ እስክገባ አንዴም አልተንተፋተፈም። እኔ ግን ጅጋን ማለፌን እንኳ አላስተዋልሁም።

ማክሰኞ

አያ ደመላሽ ከፈረስ ቤት ወርደው ቤቴ መጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ሲጠጡ ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም።

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ" አሉ። ቄሱ ይቅር ብለዋል። ትርንጎ ግን አላለችም። ቃሏ ይኼ ነው፦ "በእግሩ ይምጣ። ዳገቱን በእግሩ ይውጣ። ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ይቁምና ያን ጊዜ አየዋለሁ።"

ደሜ ፈላ። እኔ? ባለ መኪናው? ለሴት ብዬ ድንጋይ? አያ ደመላሽን በዚያው አፌ ልናገራቸው ነበር፣ ዋጥ አደረግሁት። እሳቸውም መዋጤን አዩ መሰለኝ፣ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ከሄዱ በኋላ አሰብሁ። መኪናዋን ከዳገቱ ግርጌ ደብቄ የቀረውን ብወጣስ? ማን ያየኛል? ግን ድምፁ ገና ከጅጋ ሲነሳ ይሰማል። ፈረስ ቤት ውስጥ ይኼን ሞተር የማያውቅ ሕፃን የለም።

ረቡዕ

ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ። አቆይልኝ አልሁት፤ እጄ ላይ ካለ አላምነኝም።

ነገ ጎህ ሲቀድ በእግሬ እነሳለሁ። ድንጋዩን ከዚህ ልያዝ ብዬ አያ ደመላሽን በስልክ ብጠይቃቸው፣ "ከደጃቸው ታነሳለህ፤ ሞኝ አትሁን" ብለው ሳቁብኝ።

ምን እንደምል አላውቅም። ምንም ባልል ይሻላል። ድንጋዩን ተሸክሜ እቆማለሁ። ትርንጎ ቶሎ ትወጣ ወይም እስኪመሽ ታቆመኝ፣ እሱ የእሷ ነው።