በቁምህ የተለቀሰልህ ቅዳሜ

የካቲት 4 ቀን

ለጎረቤታችን ልጅ፣ ካለህበት ይድረስ።

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያለህበት አገር ብርዱ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ እማማ ብርነሽ ወገባቸውን አንዳንድ ቀን ይይዛቸዋል እንጂ አፋቸው ጤነኛ ነው። አባቴም ደህና ናቸው። ውርጩ ባቄላውን ቢመታውም ገብሱ ተርፎልናል።

«የጎረቤታችን ልጅ» በማለቴ አትቀየመኝ። ድሮ ስጽፍልህ ምን ብዬ እንደምጀምር ታውቃለህ። እሱን ስም ጳጉሜ ላይ በስልክ ወስደህብኛል፤ ሌላ ስላልተውክልኝ ያገኘሁትን ጻፍኩ።

ያልከኝን አልረሳሁም። አትጠብቂኝ፣ ሰው አግቢ አልክ። ለምን ስልህ ዘጋኸው። ደግሜ ብደውል አላነሣህም። የከተማ ሴት አግኝቶ ነው ብዬ ሦስት ቀን ተናደድኩ፣ በአራተኛው አለቀስኩ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋና የምቆጣበት ስልክ እንኳ አጣሁ። አንዷለም፣ ቀየት ከተማ ሱቅ ያለው የእትዬ ጠጄ ልጅ፣ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ጠየቁኝና እሺ አልኩ። በንዴት ነው እሺ ያልኩት። ቀለበት አደረገልኝ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። እኔና አንተ የተባባልነውን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

አሁን የኅዳሩን ጉድ ከሌላ ሰው ሳትሰማ እኔው ልንገርህ።

ክፍለ ጦራችሁ በጀግንነት መሸለሙን፣ አንተም ሜዳሊያ ካደረጉት አንዱ መሆንህን አባባ ጫኔ ዓርብ ዕለት ዘመሮ ከተማ ሰምተው መጡ። እናትህ ቅዳሜ ጠቦት ሊሸጡ ገበያ ሳይወጡ እንንገራቸው ተባባሉና፣ አባ ኃይለ ኢየሱስንና አባቴን ጨምረው ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ብርድ ነውና ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ዱላቸውን ይዘዋል። ውሻው እንዳይጮህ ቀስ እያሉ ነው የተራመዱት። እስቲ አስበው፤ ልጇ ዘማች የሆነ እናት ደጅ ላይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ቄስ ያለበት ሦስት ሽማግሌ ተከናንቦ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል? በእኛ አገር መርዶ የሚረዳው እንዲህ ነው። ሦስት ሽበታም ሰዎች ይህን አላሰቡም። ደስታው አስክሯቸው ነበር።

እናትህ በረቱን ሊከፍቱ ወጥተው አዩዋቸው። ሰዎቹ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እሳቸው ጮኹ። አባ ኃይለ ኢየሱስ ኧረ እልል በይ ቢሉ ማን ይስማቸው። አባቴ ሊያረጋጉ ክንዳቸውን ቢይዟቸው፣ እሱም የመርዶ አያያዝ ሆነ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። አባ ኃይለ ኢየሱስ ሕዝቡ ተሰብስቦ እንዲሰማኝ ብለው ደወል አስደወሉ፤ ደወሉን የሰማው የማዶው መንደር ደግሞ እያለቀሰ ወረደ።

እኔ እበት እየዛቅሁ ነበር። የሮጥኩትን አላስታውስም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ፀጉሬን ፈትቼ፣ ከእናትህ ጎን ደረቴን ስደቃ ነው ራሴን ያገኘሁት። የጎረቤት ልጅ ከኋላ ነው የምትቆመው፤ እኔ ፊት ነበርኩ። አልቃሿ ወለተ ኢየሱስ እንኳ ግጥሟን አቋርጣ ታየኝ ነበር አሉ። እንዲህ ብዬ አወረድኩት፤

አግቢ ብለኸኝ ነው ለሰው እሺ ያልሁት፣
ቃሌን ነው እንጂማ ልቤን መች ሰጠሁት።

የአንዷለም እናት እትዬ ጠጄ አጠገቤ ቆመዋል። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የእኔ ከጭንቅላትም አልፎ ልቤ ታየ።

ነገሩ የጠራው ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አባ ኃይለ ኢየሱስ ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ልጁ አልሞተም፣ ጀግና ተብሎ ተሸልሟል አሉ። እናትህ ወደቁ። ውኃ ረጭተንባቸው ተነሡና በዚያው እንባቸው እልል አሉ። ለለቅሶው የተቀቀለው ንፍሮ በደስታ ተበላ። እናትህ በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል ብለው ሁሉንም ይቅር አሉ፤ አባባ ጫኔን ግን እስካሁን ጥሩ አድርገው አያናግሯቸውም። ሰዉ እንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። የተናገርኩትን መመለስ ያቃተኝ እኔ ብቻ ነኝ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

በሳምንቱ አንዷለም ራሱ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አባቴ ፊት ተቀምጦ፣ አልተቀየምኩም፣ እኔም ብሞት እንደዚያ የምታለቅስልኝን ልፈልግ አለ። ቀለበቱን መለስኩለት። ደግ ሰው ነው፤ እግዜር እንደ ልቡ ይስጠው። አባቴ እስከ ጥር አኮረፉኝ። ገበያ ስወርድ ሴቶቹ ባል ያልነበራት መበለት ይሉኛል። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ግን ይሉኛል። አላፈርኩም ብልህ ውሸቴን ነው። ያን ጠዋት ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሞተህብኝ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ንዴቴን ብፈልገው አጣሁት። ናፍቆቱ ብቻ ነው የቀረኝ።

ዘመሮ ስንማር ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ አንተ ቀድመህ እየወጣህ በየመታጠፊያው ቆመህ ደከመሽ ትለኝ ነበር። ቢደክመኝም አልደከመኝም እልህ ነበር። አሁንም ብቻዬን ስወጣ በየመታጠፊያው እቆማለሁ። ለምን እንደምቆም አላውቅም።

በጥር ጓደኛህ ምንይሉ በፈቃድ መጣ። ራቤል ከተማ ያሉ ቤተሰቦቹን አይቶ ወደ እኛ የተሻገረው የሽልማቱን ፎቶ ለእናትህ ሊያሳያቸው ነው። የሠራኸውንም ያኔ ሰማን። ከተኩሱ መሐል ሦስት ቁስለኛ በጀርባህ እንዳወጣህ ነገረን፤ አንዱ እኔ ነኝ አለ። ለአራተኛው ተመልሶ ገባ ሲል፣ እናትህ ከዚያስ ብለው ጠየቁት። ከዚያማ ሌሎች ደረሱ አለና ጠላውን አነሣ።

ፎቶውን ከስልኩ ላይ አየሁት። ጓደኞችህ ሜዳሊያቸውን አድርገው በሁለት ረድፍ ቆመዋል። አንተ መሐል ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል፤ ጉልበትህ ላይ ብርድ ልብስ ተደርጓል። እናትህ አለቃ ቢያደርጉት ነው ብቻውን ያስቀመጡት እያሉ ለመንደሩ ሁሉ አወሩ። እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ብቅ ያለችውን አንድ ጫማ ደጋግሜ አየኋት። ጥሩ ተወልውላለች። ስልኩን መለስኩለትና የጳጉሜውን ንግግርህን በልቤ እንደገና ሰማሁት። የከተማ ሴት አልነበረችበትም።

ምንይሉን ስሸኘው አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ኮርቻ ላይ መቀመጥ ይችላል ወይ አልኩት። ይችላል አለና ፊቱን አዞረ። ሌላ አልጠየቅሁትም። ለእናትህም ምንም አላልኳቸው፤ መንገሩ ያንተ ፈንታ ነው። ይህን ደብዳቤ ፈቃዱ ሲያልቅ በእኛ በኩል አልፎ ይዞልህ ይመጣል።

አሁን ደግሞ የቤታችንን ወሬ ልጨምርልህ። ያቺን የአባቴን ዳማ በቅሎ ታውቃታለህ፤ በለመደችው ጎን ካልሆነ ጀርባዋ ላይ ሰው አታስወጣም ነበር። ምንይሉ ከመጣ ወዲህ በየቀኑ በሌላው ጎን እየወጣሁ አለማመድኳት። ሁለቴ ጥላኛለች፤ ክርኔ ተልጧል። አሁን በሁለቱም ጎን ዝም ብላ ትቆማለች። አባቴ ይህ ምን ያደርግልሻል ሲሉ ዞሬ በሌላው ጎን ወጣሁባት። ትንሽ አዩኝና ከጓዳ የአያቴን ሰፊ ኮርቻ አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ መጀመሪያ የሰጡኝ ነገር እሱ ነው። እናንተ ደጅ ያለውን አደናቃፊ ድንጋይም ነቅዬዋለሁ።

ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በቅሎዋን ይዤ ዘመሮ መናኸሪያ እቆማለሁ። አውቶቡሱ ካላወረደህ ጨው ገዝቼ እመለሳለሁ። ጨው አይበላሽም፤ ቤቱ እስኪሞላ እገዛለሁ። ያወረደህ ዕለት ግን ዳገቱን ፊት ፊት የምሄደው እኔ ነኝ። በየመታጠፊያው ቆሜ ደከመህ ብዬ እጠይቅሃለሁ። አልደከመኝም ብለህ እንዳትዋሸኝ።

በጀርባህ ያወጣሃቸው ልጆች እናቶች ምርቃት ይድረስህ። የቀያችን ኪዳነ ምሕረት በሰላም ታግባህ።

በሰው ሁሉ ፊት ያለቀሰችልህ

እጮኛህ