ክሎሪኑ ከየት መጣ

ይድረስ ለምወድሽና ለምቆጣሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? ትንሿን ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን የሚያመኝ ደረጃ ሳይ ነው።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። እስካሁን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ እኔ ያላልኩትን ናፍቆት እየጨመረች ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ምናምን ትልሽ ነበር። እኔ መቼ አለቀስኩ? አባትሽ ጥሎኝ ሲሄድ እንኳ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጥበቴንም አላቋረጥኩም።

ሥራሽን ተይና ነይ፣ ልጆቹን እያጫወትሽ ትኖሪያለሽ ብለሽኝ የለ? ለጥቂት ተሳክቶልሽ ነበር። ልባረር ነበር።

ነዳጅ ማጣሪያው ላብራቶሪ ውስጥ ወለል ከመወልወል ወደ ጠርሙስ ማጠብ ማደጌን ታውቂያለሽ። የማታ ትምህርት ገብቼ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ስለቻልኩ ነው። የእኛ ክፍል ሥራ ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ምን ያህል ክሎሪን እንዳለ መለካት ነው። ክሎሪኑ በርሜል ሙሉ ድፍድፍ ውስጥ እንደገባ ቁንጥር ጨው ነው፤ ግን ድፍድፉ ሲሞቅ አሲድ ይሆንና ቧንቧውን ይበላዋል። ስለዚህ ከድፍድፉ ጠብ አድርገው በትንሽዬ ኩባያ ይወስዱና አፏን በስስ ላስቲክ ይወጥሯታል። ከዚያ ስፔክትሮሜትር የሚሉት መሣሪያ ውስጥ ትገባለች። መሣሪያው እንደ ሐኪም ቤት ራጅ ይተኩስባታል፤ ክሎሪኑ በራሱ ብርሃን እዚህ ነኝ ሲል ልኩን ይጽፈዋል።

ኩባያዋን የሚያዘጋጀው ሚሊግራም የምንለው ሰውዬ ነው። ጠጉሩ የሸበተ፣ እግሩ ረጅም፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሻይ ውስጥ ስለገባ ስኳር እንኳ የሚከራከር ነው። ጓንት አያጠልቅም፤ ጓንት ለጀማሪ ነው ይላል። እኔ ስገባ ግን ዝም ይላል። ንቆኝ ነው ብዬ እኔም ኮራሁበት።

አንድ ሰሞን የክሎሪኑ ቁጥር ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ያው አንዱ ድፍድፍ ጠዋት ንጹሕ፣ ከሰዓት ባለ ክሎሪን። አለቃችን ልጅ እግር ሴት ናት፣ አንቺን ታክላለች። ስታየው ስታየው፣ ቁጥሩ የሚወጣው እኔ ጠርሙስ ላደርስ በምገባበት ሰዓት ሆነ። ጠራችኝና፣ እማማ፣ በበረኪና ነው እንዴ የሚያጥቡት? አለችኝ። በረኪና ክሎሪን እንዳለው መቼ አጣሁት? በተጣራ ውሃ ነው አልኳት። እጄን አሸተተችው። ቤቴ ነጭ ልብስ አጥቤ ነበርና በረኪና በረኪና አላት። ነገሩ እስኪጣራ ተብዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። ቁጥሩም ወረደ። አለቀልኝ አልኩ።

ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። አንቺ ቤት ሳሎን ጥግ ተቀምጬ፣ ቴሌቪዥኑ ይቀነስ ይሆን ብዬ ለመጠየቅ ስፈራ ታየኝ። አትቀየሚኝ፤ አንቺ ክፉ ሆነሽ አይደለም፤ እኔ የሰው ቤት አላውቅበትም።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ሚሊግራም ነው አለቃችን ቢሮ ገብቶ፣ ጠርሙሶቿን ፈትሻቸዋለሁ፣ ንጹሕ ናቸው፣ ሴትየዋ ከሄደች እኔም ጡረታዬን እጠይቃለሁ ያለው። እሷም ግራ ገብቷት አስጠራችኝ። ባዶ እጅዎን እዚህ ይቀመጡ፣ ምንም አይንኩ አለችኝ። ተቀመጥኩ። ሚሊግራም ኩባያዋን አዘጋጀ። ቁጥሩ ወጣ።

ያኔ አለቃችን መሣሪያውን ትታ የሚሊግራምን እጅ ታይ ጀመር። ላስቲኩን ሲወጥር ጣቶቹ ከውሃ የወጡ ይመስላሉ። ላብ ጨው ነው፤ ጨው ውስጥ ደግሞ ክሎሪን አለ። ጓንት አምጥታ በግድ አስጠለቀችው። እኔ እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ እያለሁ ቁጥሩ ወረደ።

አለቃችን ወንበር ተደግፋ ሳቀች። ምን ያስቅሻል አልኳት። እሱን ይጠይቁት አለችኝ። ጠየቅኩት። ክፍሉ ይሞቃል አለኝ። ማቀዝቀዣው እየነፋ እኔ ሹራብ ደርቤ ነበር። ሌላ ሰው ሲገባስ አይሞቅህም? አልኩት። ጓንቱን ሲያወልቅና ሲያጠልቅ ቆየና፣ ይሄ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚመለስ ጥያቄ ነው አለኝ። ሰዓቱ ሲደርስ በር ላይ ጠበቅኩት። ለመከራከር ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስልሽ።

ወደ ጠርሙሶቼ ተመልሻለሁ፤ አለቃችንም ይቅርታ ጠይቃኛለች። ስለዚህ ጠቅልዬ አልመጣም። ቤትሽን ይሙላልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ እኔ ያላገኘሁትን ሁሉ ለአንቺ አትረፍርፎ ይስጥሽ። በእረፍቴ መጥቼ አያችኋለሁ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ብቻዬን አልጓዝም። ባልሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ሳሎን ያለው ሶፋ እግሩ ረጅም ሰው ያስተኛል?

እናትሽ